የሰው ብዛት፦ ሁለት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለመጋረጃ ሰፊዋ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ በሳምንቱ አውቶብስ ደርሶኛል። ሾፌሩ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሲሰጠኝ ላብ አርሶት ነበርና ግማሹ ጥያቄ ተፋፍቋል፤ የተነበበልኝን ያህል እመልሳለሁ። ስልክ ቢሆን ይቀል ነበር። እዚህ ግን ስልክ የሚሠራው ጣራ ላይ ሲወጡ ነው፣ እሱም ንፋሱ ከተስማማ፤ እኔ ደግሞ ጣራ የምወጣበት ዕድሜ አልፎብኛል።

አዎ፣ ጂፕ አከራያለሁ። ሁለት አሉኝ። አንደኛው ለደንበኛ የሚሰጥ ነው፣ ሁለተኛው የጠፋ ደንበኛ የምፈልግበት። ማቀዝቀዣ የለውም፤ መስኮት አለው። አሸዋው ከመጀመሩ በፊት የአራቱንም ጎማ ነፋስ ማጉደል ግድ ነው፣ ያለዚያ ይሰምጣል። ጎማ ሲቀይሩ መኪናውን ከሚያነሣው ክሪክ ስር ሳንቃ ያስገቡ፣ አሸዋ ላይ ባዶ ክሪክ አይቆምም። አሸዋ ውስጥ ከተያዙ ደግሞ መኪናውን ጥለው በእግር አይሂዱ። ይህን ለሁሉም እነግራለሁ፣ ማንም አይሰማኝም።

«አንድ ሰው ብቻውን መከራየት ይችላል ወይ?» ላሉት፣ አይችልም። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። «የምጠይቀው ለሌላ ሰው ነው» ብለዋል፤ ለሌላውም ሰው መልሱ ያው ነው።

የግቢዬ በር ላይ ደብተር አለ። የሚወጣ ሁሉ በገዛ እጁ ይጽፍበታል፦ ስም፣ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚመለስበት ቀንና ሰዓት፣ የሰው ብዛት። በሰዓቱ ካልተመለሱ ግማሽ ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ በጻፉት መንገድ ተነሥቼ እመጣለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በረሃ ላይ ትቼ አልገባሁም፤ ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ጂፕ አከራዩ


ጥቅምት 27

ይድረስ ለጂፕ አከራዩ፣

እንደምን ሰነበቱ ጋሼ። በሁለተኛው ደብዳቤዎ ለጠየቁኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ፤ በተራ መሥራት የስፌት ሰው አመል ነው።

ሁለት ነን። ሁለተኛው ሰው ባለቤቴ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በረሃን በጠመኔ ሲስል ኖሮ አሸዋ በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ከስፌት መኪናዬ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ካርታው ተለጥፏል። ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ምንም ነገር በሌለበት ሜዳ፣ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አድርጎባታል። ብቻዋን የቆመች ዛፍ ናት ይላል። ጡረታ ሲወጣ ሄደን ጥላዋ ስር ሻይ እንጠጣለን ተባብለን ነበር፤ መሄድ የምንፈልገው እዚያ ነው።

የምነዳው እኔ ነኝ። ጨርቅ ለሆቴሎች የማደርሰው በጭነት መኪና ስለሆነ መሪ አያስፈራኝም። እሱ ካርታ ያያል።

ጤናውን ጠይቀውኛል። ምንም አያመውም። ውሃም ብዙ አይጠጣም፣ ሆኖም እንዳሉት የሁለት ሰው እንይዛለን። ጠባዩ እንዴት ነው ላሉት፣ ዝምተኛ ነው፣ አያስቸግርዎትም።

ኅዳር 10 ጠዋት ግቢዎ እንደርሳለን።

መጋረጃ ሰፊዋ


ኅዳር 22

ለመጋረጃ ሰፊዋ፣

ከጤና ጣቢያዋ ነርስ ዘንድ የተዉልኝ ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። «ጂፑ እንዴት ሆነ?» ይላል። ጂፑ ደህና ነው። ጨው የሚጭን መኪና ጎትቶ አወጣው። የአራቱም ጎማ ነፋስ ሙሉ ነበር።

ዕቃዎን በሾፌሩ እጅ ልኬያለሁ፦ አንድ እግር የሴት ጫማ፣ ካርታው፣ ሁለት ኩባያ፣ ከጎንዎ ያለው ወንበር ላይ የነበረው የወንድ ባርኔጣ። ከኩባያዎቹ አንደኛው ውስጥ ሻይ እንደተቀዳ ደርቆበታል፤ አጥቤ አልላኩትም።

እኔ ከበረሃ ስመለስ እህትዎ በጠዋቱ አውቶብስ ወስደውዎት ሄደው ነበር። ነርሷ የነገረችኝን ነግራኛለች። እሱን እኔ አልጽፈውም። ከፈለጉ እርስዎ ይጻፉት።

ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ፣ ጠርሙስ ቆርጦኝ ነው።

ጂፕ አከራዩ


ታኅሣሥ 7

ጋሼ፣

እንዴት ነዎት ለማለት አፍሬ ይህንን ሉህ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እንዴት ነዎት?

ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ነው። ያን ቀን ጠዋት የሆቴል መጋረጃ እየቆረጥኩ «መቀሱን አቀብለኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ልጅ አልነበረንም። ሰው አልቅሶ ተበተነ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚጠራልኝ ጠፋ። እህቴ እንኳ እንዳላዝን ብላ «ያኔ» ነው የምትለው። ያኔ እንዲህ ነበር፣ ያኔ እንዲያ ነበር። የሰው ስም «ያኔ» ሆኖ ቀረ።

«ሁለት ነን» ብዬ የጻፍኩት አውቄ ነው። አንድ ካልኩ አያከራዩኝም። ግን ጋሼ፣ ውሸቱ ከጀመርኩት በኋላ ጣፈጠኝ። «ምንም አያመውም» ብዬ ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ። ግቢዎ ስደርስ «ባሌ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ዕቃ እያሰረ ነው፣ ሳልፍ እወስደዋለሁ» አልኩዎት። እርስዎ የሌሎች ደንበኞች መኪና ስር ነበሩ፤ እጅዎን ብቻ አውጥተው ደብተሩን አመለከቱኝ። የሱን ስም ከእኔ ስም በታች ጻፍኩና የሰው ብዛት በሚለው ላይ ሁለት አልኩ። ስሙን በእጄ ከጻፍኩት ቆይቼ ስለነበር ብዕሩን ቶሎ አላነሣሁም።

ነፋሱን ያላጎደልኩት ስለረሳሁት ነው። ሳወራ ነበር፤ ለባርኔጣው ነበር የማወራው። ደረቁ ወንዝ ላይ ስሰምጥ ወደ ዛፏ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር የቀረኝ፣ ስለዚህ መኪናውን ትቼ ወደሷ ሄድኩ። አልደረስኩባትም። ራሴን ስቼ ወድቄ ያገኛችሁኝ እናንተ ናችሁና ይህንን ያውቁታል።

የማያውቁትን ልጻፈው። እኔን ጤና ጣቢያ አድርሳችሁኝ በማግሥቱ፣ ጠዋት፣ ነርሷ ትራሴን እያስተካከለች «አይዞሽ፣ ባልሽን ሊፈልጉት ጎሕ ሲቀድ ወጥተዋል» አለችኝ። ያኔ ብናገር የጤና ጣቢያው ሞተር ሳይክል የመጀመሪያው የውሃ ጉድጓድ ጋ ይደርስባችሁ ነበር። አልተናገርኩም። እስኪመሽ ግድግዳ እያየሁ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን የምፈልገው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያች ቀን ግን ሁለት ወንዶች በመኪና ወጥተው እየፈለጉት ነበር። ትንሽ ይፈልጉት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈጥርም አያምርብኝም።

ይቅርታ ማለት ቀሎብኝ አይደለም መጨረሻ ላይ ያደረግኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

መጋረጃ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 20

እመቤት፣

«ተናደዋል ወይ?» ብለው በፖስታው ጀርባ ጠይቀዋል። ፖስታ ጀርባ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም እንጂ፣ አዎ፣ ተናድጃለሁ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔ ጂፕ አከራየሁ።

የዚያን ቀን ሙቀት ብረት አያስነካም ነበር። አብሮኝ የወጣው ዱካ አዋቂው ሽማግሌ ነው፤ የሰውን እግር አይቶ «ይህ ሰው ነገር ከብዶታል» የሚል ሰው። ጂፑ አጠገብ ወርዶ ጎንበስ አለና «የአንድ ሴት ዱካ ነው፤ ሌላ ሰው የለም» አለኝ። «ንፋስ አጥፍቶት ነው» አልኩት። «ንፋስ የሷን ትቶ የሱን መርጦ አጠፋ?» አለኝ። «ደብተሩ ሁለት ይላል» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና መኪና ውስጥ ገባ። አርባ ዓመት መሬት ሲያነብ የኖረውን ሰው ዓይን ትቼ የራሴን ደብተር አመንኩ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ሁለተኛውን ሰው በዓይኔ ሳላይ ቁልፍ መስጠቴም የኔ ነው። የቀረው ግን የእርስዎ ነው።

ወንበሩ ላይ ባርኔጣውን ስላየሁ አናቱን ፀሐይ እያቃጠለው ይሆናል እያልኩ ነበር የምነዳው። አንድ ሰው ያለ ባርኔጣ እየሄደ ነው እያልኩ።

ይቅርታ አድርጌያለሁ ብዬ እንዳልጽፍ ገና አላደረግኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይቅርታም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ይጠብቁ።

ጂፕ አከራዩ


ጥር 5

ጋሼ፣

እጠብቃለሁ። መጠበቅ ለምጃለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅ። የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ከኋለኞቹ ጎን አስቀምጬ አየሁት። የስፌት ሰው ነኝ፤ ሁለት ሴቶች የሰፉትን አንድ መጋረጃ ከሩቅ እለያለሁ፣ ክሩ የሚጋደምበት አቅጣጫ ይለያያል። በጥቅምት የጻፉት ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ከኅዳር ወዲህ ያለው ወደ ግራ ነው። እንደ ተማሪም ከመስመር ይወጣል። ጠርሙስ የቆረጠው እጅ በሁለት ወር ይድናል። ይህ ግራ እጅ ነው። ቀኙ ምን ሆነ?

ሌላም። ከሁለት ሳምንት በፊት በጻፍኩልዎት «ጂፑን ማን ወሰደው፣ ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ ነበር፤ ስለ ሽማግሌው ፍየሎች መለሱልኝ። ፍየሎቹ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ይህን መጠየቅ መብት የለኝም። ሲፈልጉት ስሙን ጠሩት?

መጋረጃ ሰፊዋ


ጥር 19

እህቴ፣

ሾፌሩ ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ «ዛሬስ ፊትህ ጠቆረ» አለኝ። ክፉ ሰው ነው፣ ግን ዓይን አለው። ዓይኑ ከርስዎ አያንስም።

ደህና፣ ልጻፈው። ካርታው ጂፑ ውስጥ ስለነበር ነጥቧን አየሁ። ካርታ ላይ ነጥብ ያደረገ ሰው የሚሄደው ወደ ነጥቡ ነው ብዬ ወደ ዛፏ ነዳሁ። ዛፏ አለች። ባለቤትዎ አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም ካሰቡት በላይ ትልቅ ናት። እዚያ ስንደርስ የፊት ጎማዬ ተበሳ።

ሳንቃው ከወንበሩ ስር ነበር። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ሁሉ የምሰብከው እኔ፣ ሳንቃውን ለማውጣት ወንበሩን ማንሣት ስለሚያስፈልግ፣ የሚሞት ሰው አለ ብዬ ቸኩዬ ክሪኩን ባዶ አሸዋ ላይ አቆምኩት። ሰመጠ። መኪናው ቀኝ እጄ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው በእጁ አሸዋውን ከስሩ እየዛቀ አወጣኝ። ከዚያም ትርፉን ጎማ አስገባ፤ እኔ ጥላዋ ስር ተጋድሜ እየተሳደብኩ አስተማርኩት። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ከዛፏ እስከ ግቢዬ በሁለተኛ ማርሽ ነዳኝ። ከመንገድ በቀር ምንም አልሳተም፤ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ። ክሪኩ እዚያው ቀረ።

ሦስት ጣቶቼ አይታጠፉም። ማርሽ መጨበጥ አልችልም። ስለዚህ ጂፑን ማንም አልወሰደውም። ሄዶ ፈልጎ ማምጣት የማይችል ሰው ሌላውን መላክ የለበትም፤ በኅዳር መጨረሻ በሩን ዘጋሁት። ደንበኛ ሲመጣ «ጂፑ ታሟል» እላለሁ። ደብተሩን ግን በየጠዋቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ ከንፋሱ ሌላ የሚናገረኝ የለም፤ የሚወጣና የሚገባ ሰው ነበር ሰው የሚያደርገኝ። ይህን ያልነገርኩዎት የእኔን ሸክም በራስዎ ላይ እንዳይጨምሩ ብዬ ነው። ኩራትም አለበት።

ስሙን ጠርተን እንደሆነ ጠይቀዋል። ጠራሁት። የድምፅ ማጉያ ይዤ ነበር፤ ባትሪው ሲያልቅ በአፌ ጠራሁት። ከደረቁ ወንዝ ጀምሬ በየመቶ ሜትሩ እየቆምኩ፣ ከአባቱ ስም ጋር፣ ደብተሩ ላይ እንደጻፉት። ዛፏ ስር እጄ ተይዞም ጠራሁት፤ ሰው ካለ ይረዳናል ብዬ። የደረቁ ወንዝ ገደል መልሶ ይለዋል፣ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከዚያ መጨረሻውን ብቻ። ጉሮሮዬ ለሳምንት ተዘግቶ ነበር።

ባለቤትዎን አላውቃቸውም፣ ግን የማውቃቸው ሰው ስም ይመስለኛል አሁን።

ጂፕ አከራዩ


ጥር 28

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። የገደሉ ነገር ላይ ስደርስ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት። መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ከዚያ አንዷ፣ ብዙ የማታወራው፣ «መልካም ሰው ነበር» አለች፤ እሷም ስሙን ጠርታ። ተሰብስበን አለቀስን። የሆቴሉ መጋረጃ በሁለት ቀን ዘገየ፤ ሆቴሉ ይታገሠን።

ስለ እጅዎ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። በአንድ ቀን ዝምታ የሰው እጅ ወስጃለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ አልጽፈውም፣ ቃሉ ይህን አይችልም።

በፖስታው ጀርባ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ አሁንም ዛፏን ማየት እፈልጋለሁ። ከበፊቱ ይልቅ እፈልጋለሁ፤ አሁን እሱ እዚያ ተጠርቷል። ግን ብመጣ አንድ ነኝ። ደብተሩ ላይ አንድ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ደንቡን አውቀዋለሁ፣ እንዲጥሱልኝም አልጠይቅም። ስለዚህ አልመጣም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ ጠይቀውኝ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ


የካቲት 10

እህቴ፣

ደንብ ደንብ ነው። ለአንድ ሰው አላከራይም፣ ለእርስዎ ደግሞ በተለይ።

ነገር ግን ክሪኬ ዛፏ ስር ቀርቷል። ጥሩ ክሪክ ነው፣ የድሮ ብረት፤ እንዲህ ያለ ዛሬ አይገኝም። ሽማግሌውን ሄደህ አምጣልኝ ስለው «እኔ ሁለተኛ መኪና አልነዳም፣ ፍየል ይበቃኛል» አለኝ። ስለዚህ የሚነዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ። በጭነት መኪና ጨርቅ ያመላለሰች፣ መሪ የማያስፈራት ሰው ብትገኝ ደስ ይለኛል። ነፋስ ማጉደሉን አጠገቧ ተቀምጬ አስታውሳታለሁ፤ ዝምተኛ አይደለሁም፣ አስቸግራለሁ።

ይቅርታው መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሆኗል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደብተሩን ስጠርግ የኅዳር 10ን ገጽ ገለጥኩ። የሁለታችሁን ስም አየሁና አልተናደድኩም። ልሰርዘው ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት።

አውቶብሱ የሚነሣው ሐሙስ ነው። ባርኔጣውን ይዘው ይምጡ፤ ለወንበሩ ሳይሆን ለዛፏ ቅርንጫፍ። ሻዩን እኔ አፈላለሁ፣ በግራ እጄም ቢሆን።

ደብተሩን ከወዲሁ ጀምሬዋለሁ። መንገድ፦ ደረቁ ወንዝ፣ ከዚያ ዛፏ። መመለሻ፦ በማግሥቱ ቀትር ላይ። ስም በሚለው ላይ የኔን ጽፌያለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብተሩ ላይ ስሜ ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ፈላጊ እንጂ ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም። ካልተመለስን ሽማግሌው በእግሩ ይመጣል፣ ተስማምቷል።

ከስሜ በታች ያለውን መስመርና የሰው ብዛት የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ። ሲመጡ እርስዎ ይሞሉታል። ይህን ጊዜ መኪና ስር አልሆንም፤ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ጂፕ አከራዩ